ጉማሬውን አላየሁትም

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔም እናትህም ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህቺን መስመር ስንት ጊዜ ጽፌልሃለሁ መሰለህ! እጄ ለምዷታል። እኔ ሌላ ነገር እያሰብኩ ብዕሩ ራሱ ይጨርሳታል። ጎረቤት “እንዴት አደሩ?” ሲለኝም “ተመስገን” እላለሁ። “ለምኑ?” ብሎ ቢያፋጥጠኝ ግን እንጃ።

በቴሌግራም የላክህልኝን አነበብኩት። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማካላው የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ማለቴ ነው። አንዱን ቡድን ያመሰገኑበትን ነገር በየሳምንቱ እስከ አምስት ድረስ አስጻፉት። ሌላውን ያማረሩትን አስጻፉት። ምስጋናውን የጻፉት ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። ጥሩ ነው። አያትህ ግን ደብተር አላስፈለጋትም። ማታ መደቧ ላይ ጋደም ስትል “ላሚቱ በደህና ወለደች፣ ተመስገን። የጎረቤት ልጅ ትኩሳቱ በረደለት፣ ተመስገን” እያለች አንድ በአንድ ትጠራው ነበር። እኛ ልጆቹ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን እንስቅባታለን። ለካ ማታ እንዲያ ለመጥራት ቀን ላይ ማየት ያስፈልጋል። እኔ የጎደለኝ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ።

ስድስት ዓመትህ ነበር። ቃል ገብቼልህ ስለነበር ከሌሊት ሺፍት እንደወጣሁ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት፣ ወደ ደብረ ማርያም ገዳም የሚያሻግሩት ጀልባዎች ወደሚቆሙበት ወሰድኩህ። ሳሩ ላይ ተቀመጥን። እኔ የቤት ኪራይና የዱቤ ሒሳብ በልቤ ስደምር በዚያው አሸለብኩ። “አባዬ! ጉማሬ!” ብለህ ጮህክ። ዓይኔን ስገልጥ እየሰፋ የሚሄድ የውሃ ክብ ብቻ ቀርቷል። “አየኸው?” አልከኝ። “አየሁት እንጂ!” አልኩህ። ይኸው እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር “አባዬ ይመስክር” ትላለህ። እኔም ጆሮው እንዲህ፣ አፉ እንዲያ እያልኩ እጨምርበታለሁ።

ጉማሬውን አላየሁትም ልጄ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር እወርዳለሁ። ስልኩን ቤት እተወዋለሁ፤ እናትህ በዚህ ጉዳይ አሁንም ትቆጣኛለች። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ሰለቸኝ። ውሃ ነው፣ ወፍ ነው፣ ሌላ ምን አለ? አንድ ቀን ግን በታንኳ እንጨት ጭኖ የመጣ ሰውዬ አየሁ። እንጨቱን አራግፎ ታንኳዋን ጎትቶ ዛፍ አስደግፎ አቆማት። ከተሠራችበት ደንገል ውሃው ይወርድ ጀመር። እሱም መዳፉን እንዳስደገፈባት ቆሞ ጠበቀ። ጅረቱ ጠብታ እስኪሆን ድረስ አልተንቀሳቀሰም። “ምነው?” ብለው፣ “ደንገል ውሃ ይጠጣል። ካልደረቀ ይከብዳል፣ ቶሎ ይበሰብሳል” አለኝ። ሲሄድ እንደ በቅሎ ሁለቴ መታ መታ አደረጋት። እዚህ ከተማ አርባ ዓመት ኖሬ ታንኳ እንደ በቅሎ እንደምትታሻሽ አላውቅም ነበር። የዚያን ዕለት ማታ እንደ አያትህ ጋደም ብዬ ሰውዬውን ጠራሁት።

ሁሉም ያማረ ነው አልልህም። እምቦጩ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሐይቁን እየተናጠቀን ነው፣ የኑሮ ውድነቱንም ታውቀዋለህ። የቤት ኪራይ ሲጨምሩብህ ደግሞ ተከራከር እንጂ በተመስገን አትለፈው። ተመስገን ማለት አፍ መዝጋት አይደለም።

ባለፈው ፋሲካ እናትህ የቀዳችልህን አቦል ፎቶ ስታነሳ ቀዘቀዘብህ። ምንም ሳትናገር ደፍታ ሌላ ቀዳችልህ። ልወቅስህ አይደለም፤ ማን ማንን ይወቅሳል? ፊቷን ግን አላየኸውም። እኔ አየሁት። ደስ ብሏት ነበር፤ እንደገና መቅዳቱም ራሱ አስደስቷት ነበር።

ለጥምቀት ስትመጣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እቀሰቅስሃለሁ። እዚያው ሳሩ ላይ እንቀመጣለን። ጉማሬው ብቅ ካለ አንተ ዝም በል። በዚህኛው እኔ ልጩህ።

አባትህ