ለፒኤችዲ ተማሪዎች አንድ ገጽ መመሪያ ይውጣልን

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከአገር ሳይወጡ ስለሚሠራ የምርምር ኢንተርንሺፕ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር የማድረግ ሙያ) የፒኤችዲ ተማሪ ነኝ፤ አስተምራለሁም። ባለፈው ዓመት አንድ የውጭ ኩባንያ ለሦስት ወር የምርምር ኢንተርንሺፕ ተቀብሎኝ ነበር። ሥራው ቤቴ ሆኜ የምሠራው ነው። ኩባንያው የሚታወቀው የደንበኞቹን የግል መረጃ ባለመሰብሰብ ነው። የጠየቀኝ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር፦ ተማሪ መሆኔን፣ አማካሪዬ መስማማታቸውን፣ የምርምሩ ውጤት የማን እንደሚሆን የሚገልጽ።

ያቺን ደብዳቤ ፍለጋ ስድስት ሳምንት ተመላለስኩ። ሬጅስትራር ወደ ድኅረ ምረቃ ላከኝ። ድኅረ ምረቃ ወደ ሕግ ክፍል። ሕግ ክፍል መልሶ ወደ ትምህርት ክፍሌ። ያመናጨቀኝ ሰው የለም። እናት የሚሆኑኝ አንዲት ጸሐፊ ሻይ ቀድተውልኝ፣ «ልጄ፣ ብጽፍልህ ደስ ባለኝ፤ ግን በየትኛው መመሪያ?» አሉኝ። ማኅተሙ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ቀኑ አለፈና ቦታው ለሌላ ተሰጠ።

ልሠራ የነበረውን ልንገራችሁ። ስልክ ላይ በአማርኛ ስንጽፍ ኪቦርዱ ቀጣዩን ቃል ይገምታል። እንዲሻሻል ከምንጽፈው መማር አለበት። ለእናቴ የጻፍኩትን ግን ማንም እንዲያነብብኝ አልፈልግም። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያስተዋወቁት ፌደሬትድ ለርኒንግ የሚባል ዘዴ አለ፤ ጽሑፉ ከስልኩ አይወጣም፣ ሞዴሉ፣ ማለትም ቃሉን የሚገምተው ፕሮግራም፣ እዚያው ተምሮ የተማረውን ለውጥ ብቻ ይልካል። ከዚህ ለውጥም ተነስቶ የተጻፈውን መገመት የሚቻልበት ጊዜ ስላለ፣ የተመጠነ የዘፈቀደ ቁጥር ይጨመርበታል። ሲበዛ ሞዴሉ አይማርም፤ ሲያንስ ምስጢር ይወጣል። በአማርኛ ደግሞ ይብሳል። «ሄደ» ብቻ «አልሄደችም»፣ «ስትሄዱ»፣ «እንዳይሄዱብን» እያለ ይረባል። እያንዳንዱ ቅርጽ ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ የሚጨመረው ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ የሚውጠው እንዲህ ያሉትን ብርቅ ቃላት ነው። ይህን ችግር ከእኛ በላይ ማን ሊጨነቅለት ይችላል?

ሙያው ለአገርም ያስፈልጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ አሻራና የዓይን አይሪስ ይመዘግባል። አዋጁን በኮድ የሚተገብር ሰው ከየት ይምጣ?

«ሄዶ ይቀራል» የሚለው ስጋት እዚህ ጋር አይሠራም፤ ሥራው ከቤት ነው። ሰዓቱም ይገጥማል፦ ለምሳሌ በእነሱ በጋ፣ አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ጠዋት 4 ሰዓት ስብሰባ ሲጀመር እኛ ጋር ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ወቅቱም የእኛ ክረምት ነው፤ ብዙዎቻችን ክፍል የማንገባበት።

የምጠይቀው በጀት አይደለም። ደብዳቤውን ማን እንደሚፈርም፣ በስንት ቀን እንደሚሰጥ፣ የውጤቱ ባለቤትነት እንዴት እንደሚያዝ፣ ከዚያ የሚወጣ ጽሑፍ ለመመረቂያ ይቆጠር እንደሆነ የሚናገር አንድ ገጽ ነው። በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ይሰጥ ቢባል ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ረቂቁን ከጓደኞቼ ጋር ጽፈን እናመጣለን፤ የምናቀርብለትን ክፍል ብቻ ንገሩን። ለሚመጣው ክረምት ብዙዎቹ ኩባንያዎች ማመልከቻ የሚቀበሉት ከወራት በፊት ስለሆነ፣ ከኅዳር በፊት ብትጠሩን እንደርሳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፒኤችዲ ተማሪ