አሜሊ ከረሜላ ብቻ አይደለችም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ የባህል ገጽ ላይ ስለ ፈረንሳይ ሲኒማ የጻፉት አምደኛ፣ «አሜሊ» የተባለውን ፊልም «ያማረ ከረሜላ» ብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፋቸው ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አስገድዶኛል። እርግጥ ብቻቸውን አይደሉም፤ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ በአገሩ በፈረንሳይም የፓሪሱን ሰፈር ሞንማርትርን ጠራርጎ የፖስት ካርድ ፓሪስ አደረጋት ተብሎ ተወቅሷል። ወቀሳው ስለ ጎዳናዎቹ ከሆነ እውነት አለው። ስለ ባለታሪኳ ከሆነ ግን አልስማማም።

ፊልሙን በጥሞና ለሚያይ ሰው፣ የአሜሊ ጨዋታ ምንጩ ብቸኝነት መሆኑ ገና ከጅምሩ ይነገረዋል። ሐኪሙ አባቷ የሚነካት ለምርመራ ብቻ በመሆኑ፣ እጁ ባረፈባት ቁጥር ልቧ በጉጉት ይደልቃል፤ እሱም የልብ ሕመም አለባት ብሎ ከትምህርት ቤት ያስቀራታል። አድጋ የካፌ አስተናጋጅ ስትሆንም ደስታዋ ሁለተኛ ሰው የማይፈልግ ነው፦ ክሬም ብሩሌ የተባለውን ጣፋጭ ጠንካራ ገጽ በማንኪያ መስበር፣ በፓሪሱ የሳን ማርታን ቦይ ላይ ጠጠር ማንጠር፣ እጅን በባለ ሱቅ የእህል ከረጢት ውስጥ መስደድ። (ይህን የመጨረሻውን እህል በረንዳ አካባቢ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።)

ሌላ ተዋናይት ይዛው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በእርግጥም ከረሜላ በሆነ ነበር። ሚናው መጀመሪያ የተጻፈው ለእንግሊዛዊቷ ኤሚሊ ዋትሰን ሲሆን፣ እሷ ከተወችው በኋላ ዳይሬክተሩ ዣን ፒየር ዡኔ ኦድሬ ቶቱን ያገኛት የሌላ ፊልም ፖስተር ላይ ፊቷን አይቶ ነው። ፊት ማየቱ አልከፋም። አሜሊ፣ አንድ ልጅ ከአሥርት ዓመታት በፊት በመኖሪያ ቤቷ ግድግዳ ውስጥ የደበቀውን የመጫወቻ ሣጥን አግኝታ፣ ዛሬ ጎልማሳ ለሆነው ባለቤቱ በስውር ትመልስለታለች። ሰውየው እንባውን ጠርጎ ቡና ቤት ይገባና፣ ለዓመታት ያላያትን ልጁን ሊጠይቃት እንደሚገባ፣ ሣጥኑን የመለሰችለት አጠገቡ መቆሟን ሳያውቅ ይናገራል። ቶቱ በዚህ ትዕይንት የምትሠራው ነገር ቢኖር መስማት ብቻ ነው፤ ደስታውም፣ ምስጢሩን የመጠበቅ ጭንቀቱም የሚነበበው በዓይኖቿና በከንፈሯ ጠርዝ ላይ ነው። እኔ ፈረንሳይኛ ስለማልችል የግርጌውን ጽሑፍ እየተከተልኩ ነበር የማየው፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ፊቷን ሳይ ጽሑፉ አምልጦኝ ወደ ኋላ መመለስ ነበረብኝ።

ለሌሎች ይህን ያህል ብልሃት ያላት ሴት፣ የምትወደው ኒኖ ካፌው ድረስ መጥቶ ፎቶግራፏን እያሳየ «አንቺ ነሽ?» ሲላት ራሷን ነቅንቃ ትክዳለች፤ እሱ በር ከፍቶ እንደወጣም እንደ ውሃ ፈስሳ ወለሉ ላይ ትቀራለች። ይህን የኮምፒውተር ምትሃት ነው ማለት ይቻላል። ዕፍረት ያስቀረውን ነገር የሚያስታውስ ሰው ግን እንዲህ የሚል አይመስለኝም።

በመጨረሻ አንድ እርማት፦ ፊልሙ ለአምስት ኦስካር ታጨ እንጂ፣ አምደኛው እንዳሉት አላሸነፈም። በአገሩ አራት የሴዛር ሽልማቶችን ሲወስድ፣ እነሱም ለምርጥ ፊልም፣ ለዳይሬክተሩ፣ ለሙዚቃውና ለመድረክ ቅንብሩ ተሰጥተዋል። ቶቱ በምርጥ ተዋናይትነት ታጭታ ነበር፤ ሳታገኝ ቀርታለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ