ኮንዶሚኒየም ውስጥም ጠላ ይጠመቃል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ በዓል ዝግጅት የጻፉት ሰው «ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ጠላ ቀረ» ብለዋል። እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ወጥ ቤቴ ጥግ፣ በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ ማሰሮ ውስጥ ጠላዬ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የቀረው ጋኑ ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ስትጠምቅ ከጋን በታች ብሎ ነገር አታውቅም። ልክ ነበረች፤ ማኅበር አለ፣ ደቦ አለ፣ ጎረቤት አለ። እኛ ቤት ግን ሁለት ሰዎች ነን። ባለቤቴ ደግሞ ስኳር ስላለበት ከአንድ ብርጭቆ አያልፍም። ጋን ሙሉ ጠላ ብጠምቅ የሚተርፈኝ ሆምጣጤ ነው።

ድፍረቱን የሰጠኝ ሜሪላንድ ያለው የእህቴ ልጅ ነው። እሱ ቢራ ይጠምቃል፣ ያውም እኛ ሾርባ በምንሠራባት በምታክል ድስት። አንድ ቀን ስልኩን ምድጃው አጠገብ አቁሞ አሳየኝ። የተከካ ብቅል በጨርቅ ከረጢት አድርጎ፣ 65 ዲግሪ አካባቢ የሞቀ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያቆየዋል። ከረጢቱን ያወጣና ውሃውን ሆፕስ ከሚሉት ከነሱ ጌሾ ጋር ያፈላዋል። ያቀዘቅዛል፣ እርሾ ይጨምራል፣ ይከድናል። በቃ። «ፖሊስ ቢመጣብህስ?» አልኩት። ሳቀብኝ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ለቤት መጠጫ እስከሆነ ድረስ ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን መጥመቅ ይችላል። ከ750 ሊትር በላይ መሆኑ ነው። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ያንቺው ጠላ ነው» አለኝ። እንዲያው ለማሳመር ነው ያለው፤ ቢራ ጢስ የት ያውቃል? ብቅሉ ላይ ግን አልተሳሳተም። እዚያም እዚህም የእህሉን ዱቄት ወደ ስኳር የሚለውጠው ብቅሉ ነው።

ጡረታ እስክወጣ የሂሳብ ሠራተኛ ስለነበርኩ ሁሉን በደብተር እይዛለሁ። ለ10 ሊትር የምጠቀመው 250 ግራም የጌሾ ቅጠል፣ አንድ እፍኝ የጌሾ እንጨት፣ 700 ግራም ብቅልና 2 ኪሎ የገብስ ዱቄት ነው። ከዱቄቱ ግማሽ ኪሎው ጠቆር ተደርጎ ከተቆላ ገብስ የተፈጨ ነው፤ መልኩን የሚሰጠው እሱ ነው። የጌሾ ቅጠሉን በጥብጬ ሦስት ቀን አስቀምጣለሁ። ጥንስሱ ይሄ ነው። ከዚያ ብቅሉና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባል። ሁለት ቀን ሰንብቶ እንኩሮው (በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ የታመሰው ዱቄት) እና የጌሾው እንጨት ይከተላሉ። መጨረሻ ላይ ውሃ እሞላበታለሁ። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አላስረዝምም።

የማስረዝመው የተበላሸብኝን ነው፤ ማንም አይነግራችሁምና። እናቴ «እንኩሮው ይብረድ» ስትል ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ጋን ውስጥ ለብ ያለ እንኩሮ ቢገባ ብዙው ድፍድፍ ያበርደዋል። በትንሽ ማሰሮ ይሄ የለም። እኔ ከምጣዱ እንደወረደ ዘረገፍኩት። ጠላዬ አምስት ቀን ጭጭ አለ። ብቀምሰው ጌሾ የተዘፈዘፈበት መራራ ውሃ ነው። ደፋሁት።

ሁለተኛው ብርድ ነው። ጋን የራሱን ሙቀት ይይዛል፣ ማሰሮ ግን ሐምሌ ላይ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያድራል። ጋቢው የመጣው ለዚህ ነው።

ሦስተኛውን ስናገር አሁንም ያሳፍረኛል። ማሰሮ ከመግዛቴ በፊት በጀሪካን ሞክሬ ነበር። ሽታው እንዳይወጣ ብዬ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጧ! አለ። ባለቤቴ «ሲሊንደሩ!» እያለ በባዶ እግሩ ተነሣ። ኮርኒሱ ላይ የተረጨው አረንጓዴ ነገር ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቶም ይታያል። ጠላ ሲፈላ አየር ይሠራል፤ መውጫ ይፈልጋል። አሁን ጨርቅ ጣል አድርጌ ሳህን ብቻ እደፋበታለሁ።

የእህቴ ልጅ ቴርሞሜትርም ልኮልኛል። በፈላ ውሃ ብሞክረው 92 ላይ ቆመ። የተበላሸ ዕቃ ላክህልኝ ብዬ ወቀስኩት። ለካ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃችን የሚፈላው እዚያ አካባቢ ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ ውሃ ሳፈላ ይህን የነገረኝ የለም።

አሁን ወደ ጢሱ ልምጣ። ማሰሮዬን የገዛሁት ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ነው፤ 12 ሊትር ይይዛል። በግራዋ አጥቤ በወይራ አጥነዋለሁ። ያልታጠነ ጠላ ለእኔ ጠላ አይደለም። መጀመሪያ ያጠንኩት ኮሪደር ላይ ነበር። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከታች ያለው ወጣት ባልዲ ውሃ ይዞ ደረጃውን እየዘለለ መጣ። እሳት መስሎት ነው፤ እግዜር ይስጠው። ጠላው ሲደርስ የመጀመሪያውን ጣሳ የጠጣው እሱ ነው። ሌሎቹ ጎረቤቶች ግን እስካሁን ልብሳችን ወይራ ወይራ ይላል ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው።

ግቢያችን ውስጥ ኮሙናል የምንለው ቤት አለ። የተሠራው በግ ለማረጃ፣ እንጀራ ለመጋገሪያ፣ ልብስ ለማጠቢያ ነው። የኛው ተከራይቶ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። ኮሚቴውን ብጠይቅ ኪራዩ ለጥበቃዎች ደመወዝ ይውላል አሉኝ። እሺ፣ ደመወዝ ይከፈል፤ ቤቱ ይልቀቅልኝም አላልኩ። ከቤቱ ጀርባ ባዶዋን የቆመች ጥግ አለች። በዓል ሲደርስ ማሰሮ ለማጠኛ እሷን ለግማሽ ሰዓት ቢፈቅዱልን ይበቃናል። እኔ ብቻ እንዳልመስላችሁ፤ ከኛው ብሎክ ሦስት ሴቶች ማሰሮ ገዝተው ፈቃድ እየጠበቁ ነው።

«ጠላ ቀረ» ያሉት ጸሐፊም አይቀሩ። ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ። የዛሬው ለቅዳሜ ይደርሳል። ቅራሪ አልሰጣቸውም፣ ከላይ ከላዩ የሚቀዳውን ነው።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ፣ አራተኛ ፎቅ