ባላምባራስ ጿሚ ነው፣ የእናንተዋ ግን አይደለችም

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሰፈራችን ግንፍሌም እንዳለ ነው፤ ክረምቱ ገብቶ ከግቢው ጭቃ በቀር የሚያስቸግረን የለም።

ባለፈው እሑድ ስልኩን ልትዘጊ ስትይ ያልሽው ነገር እንቅልፍ ነሥቶኝ ሰነበተ። «የታሸገው የኤሊ ምግብ ዋጋው አይቀመስም፤ አንቺ ባላምባራስን በቅጠል አይደል ያኖርሽው? እኔም ለልጁ ኤሊ ሰላጣ እየከተፍኩ እሰጣታለሁ» አልሽኝ። ያን ሁሉ በስልክ ማስረዳት ስለማይሆንልኝ ይኸው ወረቀት አነሣሁ።

ባላምባራስ የቆላ ኤሊ ነው። አጎትሽ ከአዋሽ ይዞት ሲመጣ ጀርባው እንደ ነብር ነጠብጣብ ነበር። ስሙን ያወጡለት አባትሽ ናቸው፤ «አምባውን ተሸክሞ የሚዞር ሌላ ማን አለ?» ብለው። እሱ ሣር በል ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሳይለይ ዓመቱን ሙሉ ይጾማል። የእናንተዋ ሣጥን ኤሊ ግን የሰሜን አሜሪካ ጫካ ልጅ ናት። ጎረቤታችን የእንስሳት ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ የሆዷ ቅርፊት እንደ ሣጥን ክዳን ስለሚታጠፍ ነው እንዲህ የሚሏት። የምድር ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ ጥንዚዛ፣ እንጉዳይ፣ መሬት ላይ የወደቀ እንጆሪ፣ ያገኘችውን ትበላለች። እሷን በሰላጣ ብቻ ማኖር የማያልቅ ሁዳዴ ማስጾም ነው። ሰላጣው ደግሞ ያው ውሃ ነው።

አንቺን ብቻ ልወቅስ አይደለም፤ እኔም በዚሁ ተሳስቻለሁ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮናው ጊዜ አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ ጃንሜዳ ሲገባ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሻጮቹ የጣሉትን ቆስጣ በነጻ በፌስታል ሞልቼ እመጣ ነበር። ባላምባራስም ይቆረጥመዋል፣ እኔም ሣር ማጨድ ቀረልኝ። ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ እንዳይበርደው ብዬ ዕቃ ቤት አስገባሁት። መስከረም ላይ የኋላ እግሩን መጎተት ጀመረ፤ የቅርፊቱም ጠርዝ በጣት ሲጫኑት ይለሰልሳል። ሐኪሙ አይቶ «እትዬ፣ ቆስጣው ካልሲየሙን ይይዝበታል፣ ጨለማው ደግሞ ፀሐይ ነሥቶታል» አለኝ። ቆስጣና ስፒናች ውስጥ ኦክሳሊክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ ካልሲየሙን አስሮ ወደ አጥንት እንዳይገባ ያደርገዋል። ለነጻው ቅጠል ስል ሐኪም ቤት የከፈልኩትን ባልነግርሽ ይሻላል። ያዳነው ከአጥራችን ሥር የሚበቅለው ሰርዶ ነበር፤ እሱም እኮ በነጻ ነው።

አሁን ወደ እናንተዋ። ለአዋቂ ሣጥን ኤሊ ከምግቧ ግማሽ ያህሉ እንደ ትልና ቀንድ አውጣ ያለ ፍጡር ይሁን፣ ቀሪው ቅጠልና አትክልት፣ ፍራፍሬው ጥቂት። ትንሽ ከሆነች ሥጋ ነኩ ይበልጣል፤ በየቀኑም ትመገብ። ላደገችው በየሁለት ቀኑ ይበቃል። የተፈጨ የበሬ ሥጋ ግን አትስጫት። ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ኢምንት ነው፤ እሷ የምትፈልገው የተገላቢጦሹን ነው፣ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ እጥፍ እንዲሆን።

ለዚህ ሁሉ ኪስሽን አታራቁቺ። ትሉን ራስሽ አርቢው። ክዳኑ የተበሳ የፕላስቲክ ሣጥን፣ የተቀዳደደና በውሃ የረጠበ ጋዜጣ፣ እፍኝ አፈር፣ ከዚያ የካሮት ልጣጭና የሙዝ ቅርፊት፤ ሽንኩርት፣ ሎሚና ዘይት የነካው ነገር ግን አይግባበት። አንድ ጊዜ ትል ከገዛሽ ራሱ ይራባል። ይህን ስነግራት እህትሽ «እኔ ቤት ትል? በስመ አብ!» ብላ አማተበች። ልጅሽ ግን የሚወደው ይመስለኛል፤ ወንዶች ልጆች ጭቃ ይወዳሉ። ከሰው ሣር ላይ ትልና ቀንድ አውጣ እንዳይለቅም ብቻ አደራ፤ እናንተ ጋር ሣሩን መድኃኒት ይረጩታል አሉ።

ቅጠሉን በተመለከተ፣ ዳንዴሊዮን የሚሉት ቢጫ አበባ ያለው አረም፣ መድኃኒት ካልነካው፣ ከሱቁ ሰላጣ ይበልጣል። ዱባ፣ ስኳር ድንችና ካሮት ከትፈሽ ጨምሪበት። ጎመንም አልፎ አልፎ ይሁን፤ አቮካዶ በፍጹም። የእንቁላል ቅርፊት አፍልተሽ፣ አድርቀሽ፣ እንደ በርበሬ አድቅቀሽ ከላይ ነስንሽበት። ለካልሲየም ከዚህ የሚረክስ አላውቅም።

ዐይኗ አብጧል ያልሽውን ግን በምግብ ብቻ አትለፊው። የቫይታሚን ኤ ጉድለት ዐይናቸውን ያሳብጣል፣ ጆሯቸውም ላይ መግል ሊቋጥር ይችላል። ዱባው ወደፊት እንዳይደገም ይረዳል እንጂ የታመመውን አያድንም፤ ሐኪም ይያት። ጠብታ ገዝተሽም በግምት አትስጫት፤ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ቆዳቸውን ይልጣል።

ፀሐይም ያስፈልጋታል፣ ጥላ ሳይለያት። በመስኮት መስታወት የሚገባው ብርሃን ግን አይቆጠርም፤ የሚጠቅመውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ልጅሽ ከነካት በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሳህኗም ወጥ ቤት አይታጠብ። አሜሪካኖቹ በፈረንጆቹ 1975 ከ4 ኢንች ያነሱ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከሉት ሳልሞኔላ ልጆችን እያሳመመ ስላስቸገራቸው ነው።

አንድ ሥራ ለልጅሽ ስጪልኝ። በየወሩ መጀመሪያ ኤሊዋን ለእሷ ብቻ በተመደበ ሚዛን ይመዝናትና ግራሙን ጽፎ ይላክልኝ፤ በአማርኛ ፊደል ይሁን፣ ቢሳሳትም አርሜ እመልስለታለሁ። የባላምባራስን እኔ እጽፍለታለሁ።

ዝናቡ ጋብ ብሏል። ባላምባራስ ደፉ ላይ ወጥቶ አንገቱን እያሰገገ ወደ አጥሩ ያያል፤ ሰርዶውን ልጨድለት።

እናትሽ