ልጆቻችን ኳስን ከመጥላታቸው በፊት

ይድረስ ለጅማ ከተማ አስተዳደር የስፖርት ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ። ሕርማታ አካባቢ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወንዱ 11 ዓመቱ፣ ሴቷ 9 ዓመቷ ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ልጄ ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ የጠየቀኝ ነገር ነው። እግሩን ታጥቦ አልጋው ላይ ከወጣ በኋላ «እማ፣ ነገ ጠዋት ይዘንባል?» አለኝ። «ምነው?» ብለው «ከዘነበ ልምምድ የለም» አለና ብርድ ልብሱን ተከናነበ።

ከሁለት ዓመት በፊት ይህን ልጅ ዝናብ ከሜዳ አያስቀረውም ነበር። ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቆ በሠራው ኳስ ሲራገጥ ውሎ ቀይ ጭቃ እስከ ጆሮው ተለቅልቆ ነበር የሚገባው። የእኔ ቁጣም የአያቱ ልመናም አይመልሰውም። ዛሬ ታኬታ ተገዝቶለት፣ ማሊያ ተሰጥቶት፣ ዝናብ እንዲገላግለው ይጠብቃል።

ነገሩ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። አንድ የታዳጊዎች ቡድን ውስጥ ሲገባ ልምምዱ በሳምንት ሁለት ቀን ነበር። ውድድር ሲቃረብ አራት ሆነ፤ ከዚያ ስድስት፣ ያውም ጠዋትና ማታ። ገና ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ላይ፣ እቀሰቅሰዋለሁ። ከሜዳ ሮጦ መጥቶ ዳቦውን በእጁ ይዞ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ከሰዓት የቤት ሥራ አለ፤ 10 ሰዓት ላይ እንደገና ሜዳ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ደመርኩት፤ የቅዳሜው ግጥሚያ ሳይቆጠር በሳምንት 15 ሰዓት ሆነ። ደብተሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሲተኛ ያገኘሁባቸውን ማታዎች አልቆጠርኳቸውም።

ያም ሆኖ ቢጫወት ጥሩ ነበር። ለተከታታይ አምስት ቅዳሜ አንዲት ደቂቃ ሳይገባ ተመልሷል። በአምስተኛው ሄጄ አየሁት። ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የጫማውን ክር ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። አሠልጣኙ ወደ ተቀያሪዎቹ ዞር ባለ ቁጥር ከድንጋዩ ብድግ ይላል፤ ሌላ ልጅ ሲጠራ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ጨዋታው እስኪያልቅ ሰባት ጊዜ ተነሣ።

አሠልጣኙን ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ደመወዝ የለውም፤ ኳሱን የሚገዛው አንዳንዴ ከኪሱ ነው፤ ዋንጫ ካላመጣ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኛ ወላጆችም ከበደሉ ንጹሕ አይደለንም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን ሲያነሣ ከተማው እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናስታውሳለን። እኔም አልቅሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙዎቻችን የአሥር ዓመት ልጅ ኳስ ሲመታ ልጅ መጫወቱ ሳይሆን ደመወዙ ነው የሚታየን። ከሜዳው ዳር ቆመን ምን እያልን እንደምንጮህባቸው አንድ ቀን ተቀርጾ ቢሰማ እናፍራለን።

ልጅ ሳለሁ ወንድሞቼ አወቱ ወንዝ ዳር ሲጫወቱ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ዳኛ የለም፤ በኦሮምኛም በአማርኛም እየተጯጯሁ ይስማማሉ። አንዱ ወገን በጎል ሲበዛበት ጨዋታው ይቆምና ጎበዙ ልጅ ወደ ተሸናፊው ይዞራል፤ የማይመጣጠን ጨዋታ ለአሸናፊውም አይጥምማ። ትንሹም በረኛ ይሆናል እንጂ ዳር አይቀመጥም። ልጆቹ ያለ አሠልጣኝ የሚያውቁት ይህ ሕግ ነው ማሊያና ፊሽካ ሲመጣ የጠፋው።

በሌላ አገር ለዚህ ደንብ አውጥተውለታል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የልጆች ስፖርት ደንብ አላት፤ ከ11 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የውጤት ሠንጠረዥና ደረጃ አይወጣም። ያቺ አገር እ.ኤ.አ. በ2022 በቤጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ 16 ወርቅ ወስዳለች፤ ልጆቿን አላቅቃ ማጫወቷ አልጎዳትም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ በአንድ ስፖርት ላይ ያተኮረ ልጅ በሳምንት ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን፣ በዓመትም በድምሩ ሦስት ወር ያህል ከዚያ ስፖርት እንዲያርፍ ይመክራል። የእኛም አገር በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ላይ ዕረፍትንና ጨዋታን የልጅ መብት አድርጎ ይጠራል።

የሴቷን ነገር ሳላነሣ ባልፍ እበድላታለሁ። ከወንድሟ ይልቅ እሷ ናት ሯጭ። ነገር ግን ሳይነጋ በሚጀመር ልምምድ የ9 ዓመት ሴት ልጅ ማን ይልካል? ማታ 12 ሰዓት ላይስ ማን ይመልሳት? ባጃጅ እንዳልይዝ ለሁለት ልጅ በየቀኑ አይቻለኝም። ሰዓቱ ብቻ ቢስተካከል ሜዳውን የሚሞሉ ስንት ሴቶች ልጆች እንዳሉ ጎረቤቶቼን ጠይቄ አውቃለሁ።

እንግዲህ የምለምናችሁ፣ ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ከትምህርት በፊት ልምምድ እንዲቀር፣ በሳምንትም ከሦስት ቀን እንዳይበልጥ መመሪያ እንድታወጡልን ነው። በዚህ ዕድሜ በሚካሄድ ውድድር ላይ ማሊያ የለበሰ ልጅ ሁሉ ቢያንስ ግማሹን ጨዋታ ይግባ፤ ይህን ያላደረገ ቡድን ዋንጫ አይውሰድ። በየአካባቢው ካሉት ሜዳዎች ደግሞ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ አሠልጣኝም ወላጅም የማይገባበት፣ ልጆች ራሳቸው ተከፋፍለው የሚጫወቱበት ይሁን። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ የሜዳው በር በሰዓቱ እንዲከፈት ማዘዝ ብቻ ነው።

ለልጁ ፊሽካውና ዲሲፕሊኑ ይጠቅመዋል የሚሉኝ አሉ። እኔም ሰዓት ማክበርንና ሽንፈትን መቀበልን ይማርልኝ ብዬ ነው ያስገባሁት። ግን ልጅ የሚማረው ከሚወደው ነገር ነው፤ የእኔው ልጅ የጨርቅ ኳሱ አልጋው ሥር ከገባች ስድስት ወር ሆኗታል።

አዲሱ ዓመት ሳይገባ፣ ቡድኖች ልጅ መመዝገብ ሳይጀምሩ፣ አሠልጣኞችንና ወላጆችን አንድ ላይ ጥሩን። ቀኑን ብቻ አሳውቁን፤ እኔ ሥራዬን አስፈቅጄ እመጣለሁ። ልጆቹም ይጠሩ፤ ልምምዱ ስንት ቀን ቢሆን ደስ እንደሚላቸው እስከ ዛሬ የጠየቃቸው የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጅማ እናት