የግብጦው ነገር

ኮዬ ፈጬ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ ሰናይት፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ጠፍታ ዛሬ ከየት ተገኘች እንደምትዪ አውቃለሁ። መጀመሪያ የማስተርሱ ሩጫ ነበር፤ በኋላ ደግሞ መጥፋቴ ራሱ አሳፈረኝና ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀምጣለሁ።

ባለፈው እሑድ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ስጠብቅ ከወንድምሽ ጋር ተገናኘን። አባባ መስከረም ላይ ሃርት አታክ እንደመታቸው ሲነግረኝ ደነገጥኩ። እግዜር ይማራቸው። አሜሪካ ያለችው እህትሽ “ለልብ ጥሩ ነው” ብላ በሰው የላከችውን ብልቃጥ ፎቶ ሲያሳየኝ ግን ክው አልኩ። አርጂኒን! እኔን ሁለት ዓመት ሙሉ ከአይጥ ጋር ያፋጠጠኝ እሱ ነው።

አርጂኒን ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ ነው። በሥጋውም፣ በለውዙም፣ በምስሩም አለ፤ ሰውነታችንም ይሠራዋል። መጀመሪያ ከምን እንደወጣ ታውቂያለሽ? ከግብጦ ቡቃያ! እ.ኤ.አ. በ1886 ኤርንስት ሹልዘ የሚባል ተመራማሪ ከረዳቱ ጋር ሆኖ ነው ያወጣው። የእነሱ ባለ ቢጫ አበባው ነው እንጂ የጎጃሙ አይደለም። ቢሆንም ያን ያነበብኩ ማታ እማማ ግብጦውን ቆልተው፣ በጆንያ ቋጥረው ወንዝ ውስጥ ሲዘፈዝፉት ታየኝ። ምሬቱ ሳይለቅ ሰርቀን በልተን ፊታችን የተጨማደደውስ?

የኔ ሥራ ይኼውልሽ። ከአይጡ ልብ የሚነሳውን ትልቁን ደም ቅዳ ቀለበት ቀለበት አድርጌ እቆርጠዋለሁ፤ አንዱ ቀለበት ከምስር አይበልጥም። በሁለት ቀጫጭን ሽቦ ወጥሬ 37 ዲግሪ የሞቀ ጨዋማ ውኃ ውስጥ አንጠለጥለዋለሁ፤ ከሥር ኦክስጅን ይንፈቀፈቃል። በመድኃኒት ሳኮማትረው ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ጠብ ሳደርግበት መስመሩ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ቧንቧው ላላ ማለት ነው። የውስጡን ስስ ሽፋን ፈትጌ ካነሳሁት ግን ፍንክች አይልም። እጄ ከብዶ ሽፋኑን ሳላውቅ የፋቅሁበት ቀን ስንቴ ነው! ቀኑን ሙሉ የለፋሁበት ገደል ይገባል።

ይህን የሽፋኑን ነገር በጥንቸል ደም ቅዳ ያሳየው ሮበርት ፈርችጎት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 አሳተመው። በኋላ እንደታወቀው ሽፋኑ አርጂኒንን ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለውጣል፤ ቧንቧውን የሚያላላው ያ ጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 እሱና ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች በናይትሪክ ኦክሳይድ ሥራቸው ኖቤል ተሸለሙ። ኤል-ኔም የሚባል አርጂኒን መሳይ ነገር አለ፤ ለውጡን ያግደዋል። ከሚጠጡት ውኃ ጋር ስንሰጣቸው አይጦቹ የደም ግፊት ይይዛቸዋል።

እንግዲያውስ አርጂኒኑን ዋጥ ማድረግ ነው ትዪኛለሽ። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ጃማ በሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ሃርት አታክ የመታቸውን 153 ሰዎች ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን አርጂኒን፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ሰጧቸው። ደም ቅዳቸው አልተሻለውም። አርጂኒን ከወሰዱት ስድስት ሰው ሞተ፤ ከሌላው ወገን አንድም። ጥናቱም ለአዲስ በሽተኛ ተዘጋ። ስድስት ሰው ጥቂት ነው፣ ገዳዩ አርጂኒኑ ነው ብሎ መማል አይቻልም የሚል ይኖራል፤ እሺ። እኔ ግን በአባባ አልሞክረውም።

ስለዚህ ከጀመሩት ዛሬውኑ ለሐኪማቸው ደውዪ፤ ካልጀመሩት ብልቃጡ ይቀመጥና በቀጠሯቸው ቀን ይዘሽው ሂጂ። የግፊት መድኃኒት ወይም ከምላስ ሥር የሚያደርጉት ኪኒን ካለም አብረሽ አሳዪ፤ ተደራርቦ ግፊታቸውን ከልክ በላይ ሊያወርደው ይችላል። እህትሽን ግን እንዳትቆጫት፤ ጨንቋት ነው።

ቅዳሜ ቤት አለሁ። አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ ውኃ ከጠፋ አምስት ቀኑ ነው፣ ጀሪካን ተሸክሜ ስወጣ ካገኘሽኝ አግዢኝ። ግብጦም ይዘሽልኝ ነይ፤ እማማ የዘፈዘፉት ከሆነ።

ያንቺው ትዕግስት