ሽያጩ የእኔ፣ መዝገቡ የማን?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

መርካቶ ውስጥ የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። አሁን አሁን አብዛኛው ደንበኛዬ የሚከፍለኝ በስልክ ነው። በቅርቡ ለበዓል ዕቃ ላስገባ ብዬ አንድ አነስተኛ አበዳሪ ተቋም ሄድኩ። «የቤት ካርታ ወይስ የመኪና ሊብሬ አለሽ?» አሉኝ። ሁለቱም የለኝም። ያለኝ የሦስት ዓመት ሽያጭ ነው፤ እያንዳንዷ ብር ከነቀኗ ከነሰዓቷ ተመዝግባለች። ስልኬን አውጥቼ አሳየሁ። ሠራተኛዋ አዘነችልኝ። «ስክሪን አይተን ማበደር አንችልም፤ መዝገቡን ከክፍያ ድርጅቱ በቀጥታ የምናገኝበት መንገድም የለንም» አለችኝ።

ይህ መዝገብ ግን ዋጋ አለው። ቴሌብር በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ ያለ ማስያዣ ማበደር ሲጀምር፣ የሚያየው የደንበኛውን የአጠቃቀም ታሪክ ነበር። ትልቅ ሥራ ነው፤ ካርታ ለሌለው ሰው በር ከፍቷል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚያየው መዝገቡን የያዘው ድርጅትና እሱ የመረጠው ባንክ ብቻ ከሆነ፣ በአነስተኛ ወለድ ላበድር የሚል አዲስ ተቋም በምን ይወዳደራል?

ፈረንሳይ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ገጥሟል። ጂዲኤፍ ሱኤዝ የተባለው የጋዝ ኩባንያ ብቻውን በሚሸጥበት ዘመን የሰበሰበው የደንበኞች መዝገብ በእጁ ቀረ። ተፎካካሪው ዳይሬክት ኤነርጂ ከሰሰ። የውድድር ባለሥልጣኑ እ.ኤ.አ. በ2014 መዝገቡን ለተፎካካሪዎች እንዲያካፍል አዘዘው፤ የማይፈልግ ደንበኛ ስሜ አይተላለፍ የማለት መብት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ኩባንያው 100 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ። እኛም ዘንድ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. በይፋ እስኪገባ ድረስ ቴሌኮሙ አንድ፣ የቴሌብር ባለቤት ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር።

ሕግ የለንም እንዳይባል የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 አለ። የገበያ የበላይነት ያለው ነጋዴ፣ ተፎካካሪው ያለሱ መሥራት የማይችለውን አገልግሎት መስጫ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይከለክለው ይደነግጋል። ይህ ሲጻፍ የታሰበው ምሰሶና መጋዘን ሊሆን ይችላል። ዛሬ ለአበዳሪ ከመጋዘን ይልቅ መዝገብ ይበልጥበታል። አዋጁን የማስፈጸም ሥልጣን አሁን የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው፤ የክፍያ መዝገብም በዚህ ድንጋጌ እንደሚሸፈን በመመሪያ ቁርጡን ያሳውቀን።

የደንበኞቼ ስም ይዘርገፍ እያልኩ አይደለም። አበዳሪው ማወቅ ያለበት በየወሩ ስንት እንደገባልኝ ነው። እሱም እኔ ፈቅጄ ስፈርም ብቻ፣ እኔ ለመረጥኩት ተቋም ብቻ።

ከመርካቶ ነጋዴዎች አንዷ